ላፕቶፕ ከውጭ ዲስክ አልነሣ ሲል ጥፋቱን ከየት እንፈልገው?

ክቡራንና ክቡራት ታዳሚዎች፤

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደኅንነት ክፍል ስለሌላቸው ወይም ፕሮሰሰራቸው ከተፈቀዱት ውስጥ ስላልሆነ ወደ ዊንዶውስ 11 መሸጋገር ያልቻሉ፣ ነገር ግን ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግሉ የሚችሉ ላፕቶፖች በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ አሉ። ባለቤቶቻቸው በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የተባለውን ሲስተም ለመጫን፣ ሲስተሙን እንደ አዲስ ለማደራጀት ወይም ዳታቸውን ለማውጣት ሲያስቡ፣ የመጀመሪያው ሥራ ላፕቶፑን ከውስጥ ዲስኩ ሳይሆን ከፍላሽ ወይም ከኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ማስነሣት ነው። ብዙ ሰው ግራ ተጋብቶ የሚቆመውም እዚሁ ላይ ነው።

«ፍላሹ ቡት አያደርግም»፣ ማለትም ላፕቶፑን አያስነሣም፣ የሚለው ቅሬታ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢሆንም፣ በሥሩ ያሉት ጥፋቶች ብዙና እርስ በርሳቸው የማይገናኙ ናቸው። ይህን ሳይለይ የተጀመረ ጥገና ወደ ዘፈቀደ መነካካት ይወርዳል፤ ባዮስ ውስጥ ያለው ሁሉ ይቀያየራል፣ ፍላሹ ደጋግሞ ፎርማት ይደረጋል፣ በመጨረሻም ትዕግሥቱ ያለቀ ሰው የላፕቶፑን የውስጥ ዲስክ ይደመስሳል። በዚያ ዲስክ ላይ የአንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የአንድ ሱቅ ሒሳብ ወይም በሕይወት የሌለ ወላጅ ፎቶግራፍ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ዛሬ አጥብቄ የምናገረው አንድ ነገር ነው፦ ማንኛውንም ነገር ከመቀየራችን በፊት ሥራው የት ደርሶ እንደቆመ ከስክሪኑ ላይ እናንብብ፤ ከዚያም አንድ ነገር ብቻ ቀይረን ውጤቱን እንይ።

ላፕቶፕ ሲበራ ሥራው እንደ ዱላ ቅብብል ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። መጀመሪያ በማዘርቦርዱ ላይ ባለ ቺፕ ውስጥ የተቀመጠው ፈርምዌር፣ ማለትም በተለምዶ ባዮስ የምንለው ፕሮግራም፣ ይነቃና ሜሞሪውን፣ ኪቦርዱንና ስክሪኑን ያዘጋጃል፤ ቀጥሎ የተሰኩትን ዲስኮች ይለያል፤ ከእነርሱ አንዱን መርጦ በዚያ ላይ የሚገኘውን አስነሺ ፕሮግራም ወደ ሜሞሪ ይጭንና ሥራውን ያስረክበዋል። አስነሺው የሲስተሙን እምብርት፣ ማለትም ከርነሉን፣ ይጭናል፤ ከርነሉ ደግሞ ዲስኩን በራሱ ድራይቨር እንደገና ፈልጎ ካገኘ በኋላ ሲስተሙን ያስነሣል። ፍላሹ በምርጫ ዝርዝሩ ላይ ጭራሽ ካልታየ፣ ታይቶ ሲመረጥ ግን ላፕቶፑ ወደ ዊንዶውስ ከተመለሰ ወይም «ቡት የሚያደርግ ዲስክ የለም» ካለ፣ በደኅንነት ምክንያት ከተከለከለ፣ ወይም መነሣት ጀምሮ መንገድ ላይ ከቀረ፣ እነዚህ አራቱ የተለያዩ ርክክቦች ላይ የደረሱ መቋረጦች ናቸው፤ የአንዱ መፍትሔም ለሌላው አይሠራም።

ፍላሹ በዝርዝሩ ላይ ካልታየ፣ መጀመሪያ የምናየው ዝርዝር ትክክለኛው መሆኑን እናረጋግጥ። በኤችፒ ላፕቶፖች የቡት ምርጫው በኤፍ9፣ በዴልና በሌኖቮ በኤፍ12፣ በብዙዎቹ የአሱስ ላፕቶፖች በኢስኬፕ ቁልፍ ይከፈታል፤ በኤሰር ላፕቶፖች ኤፍ12 የሚሠራው ብዙውን ጊዜ ባዮስ ውስጥ ገብተን ስንፈቅድለት ነው። ቁልፉን የመጫኛ ፋታ አልገኝ ካለ ጥፋተኛው በአብዛኛው ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ የመጣው ፋስት ስታርትአፕ ነው፤ «ሸት ዳውን» ብለን ያጠፋነው ላፕቶፕ ሙሉ በሙሉ ስላልተዘጋ በሚቀጥለው ጊዜ ፈጥኖ ያልፈናል። ዊንዶውሱ የሚነሣ ከሆነ የሺፍት ቁልፍን ይዞ «ሪስታርት» የሚለውን መጫን ከዚህ ትግል ያድናል፤ በሚመጣው ሰማያዊ ገጽ ላይ በሌላ ዲቫይስ ለመነሣት የሚያስችለውን ምርጫ ወስደን ፍላሹን እንጠቁማለን።

ከዚያ በኋላ ወደሚዳሰሰው ነገር እንሂድ። ፍላሹን ከዩኤስቢ ማከፋፈያ አውጥተን በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ እንሰካው፤ ሌላ ቀዳዳም እንሞክር። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ከሆነ የኃይል ጉዳይ አለ፦ የዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ በደንቡ የሚሰጠው እስከ 500 ሚሊአምፔር፣ የዩኤስቢ 3.0 ደግሞ እስከ 900 ሚሊአምፔር ሲሆን፣ የሚሽከረከር ዲስክ ሲነሣ ለቅጽበት ከዚህ የበለጠ ሊፈልግ ይችላል። ዲስኩ እየተንጫጫ መዞር ካልጀመረ ወይም ጀምሮ ካቆመ፣ ባዮሱን መነካካት ጊዜ ማባከን ነው፤ ገመዱ ይቀየር።

ፍላሹ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ ፋይሎቹን በደንብ እያሳየ በቡት ዝርዝሩ ላይ ግን የማይታይበት ሁኔታም አለ። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ቀዳዳው ተበላሽቷል ብሎ ይደመድማል፤ ድምዳሜው ግን ብዙ ጊዜ ትክክል አይደለም። ብዙ አዳዲስ ፈርምዌሮች ዲስኩን የሚዘረዝሩት የሚነሣ ነገር ሲያገኙበት ነው፤ ካላገኙ ዲስኩ ጤነኛ ቢሆንም እንደሌለ ይቆጥሩታል። ይህን ለመረዳት ሁለቱን የአነሣስ ሥርዓቶች ለይቶ ማወቅ ግድ ስለሆነ፣ እዚህ ላይ ትንሽ እንድንቆይ እጠይቃለሁ። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቀድሞው ባዮስ እ.ኤ.አ. በ1981 ከአይቢኤም ፒሲ ጋር የመጣ ነው። በዚህ ሥርዓት ፈርምዌሩ ፋይል ማንበብ አይችልም፤ የሚያውቀው የዲስኩን የመጀመሪያ ሴክተር አንሥቶ ማስኬድ ብቻ ነው። በ1983 ከዶስ 2.0 ጋር የመጣው፣ ኤምቢአር የሚባለው የዲስክ አከፋፈል መዝገብ የሚቀመጠው በዚያች 512 ባይት ውስጥ ሲሆን፣ 446ቱ ለአስነሺው ኮድ፣ 64ቱ ለአራት ፓርቲሽኖች፣ ማለትም የዲስክ ክፍልፋዮች፣ መግለጫ፣ የቀሩት ሁለቱ ደግሞ ሴክተሩ ቡት የሚያደርግ መሆኑን ለሚያረጋግጥ ምልክት ናቸው። ዩኢኤፍአይ ግን ኢንቴል በ1990ዎቹ መጨረሻ ከጀመረው ሥራ ተነሥቶ ከ2005 ጀምሮ በብዙ ኩባንያዎች ኅብረት የሚመራ ሌላ ሥርዓት ነው። ይህ ፈርምዌር የፋት ፋይል ሲስተምን በራሱ ያነባል፤ ተነቃይ ዲስክ ሲሰካለትም የመጀመሪያውን ሴክተር ከማስኬድ ይልቅ ኢኤፍአይ የሚባል ፎልደር ከፍቶ፣ በውስጡ ቡት የሚለውን ፎልደር አግኝቶ፣ በዚያ ውስጥ ቡትኤክስ64 የሚል ስም ያለውን የኢኤፍአይ ፋይል ይፈልጋል። ፋይሉ ከሌለ ወይም ፍላሹ ፈርምዌሩ በማያነበው ፋይል ሲስተም የተዘጋጀ ከሆነ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

አንድ ሰው የሲስተሙን መጫኛ በአንድነት የያዘውን የአይኤስኦ ፋይል እንደማንኛውም ሰነድ ኮፒ አድርጎ ፍላሹ ላይ ቢያስቀምጥ ላፕቶፑ የማይነሣው በዚህ ምክንያት ነው፤ ፈርምዌሩ የሚያገኘው አንድ ትልቅ ፋይል እንጂ በውስጡ ያለውን አስነሺ አይደለም። እንደ ሩፈስና ባሌና ኤቸር ያሉ ፕሮግራሞች የተሠሩት አይኤስኦውን በትክክለኛው አቀማመጥ ፍላሹ ላይ እንዲጽፉት ነው። በሩፈስ ላይ ኤምቢአር ወይም ጂፒቲ (ከዩኢኤፍአይ ጋር የመጣው አዲሱ የዲስክ አከፋፈል)፣ ባዮስ ወይም ዩኢኤፍአይ የሚሉትን ምርጫዎች ሳያዩ ማለፍ ትልቅ ጉዳት አለው፤ ለቀድሞው ባዮስ ብቻ የተዘጋጀ ፍላሽ አዲስ ላፕቶፕ ላይ እንደሌለ ይቆጠራል። ኢንቴል የቀድሞውን ሥርዓት የሚያስመስለውን ሲኤስኤም የተባለ ክፍል እስከ 2020 ከመድረኮቹ ለማስወገድ ማቀዱን በ2017 አስታውቆ ነበር፤ በብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ «ሌጋሲ» የሚል ምርጫ ፈልጋችሁ የምታጡትም ለዚህ ነው።

ሁለት ወጥመዶችን ልጨምር። ፋት32 ከ4 ጊጋባይት ያነሰ ፋይል እንጂ ከዚያ በላይ አይቀበልም፤ የዛሬዎቹ የዊንዶውስ መጫኛዎች ግን ከዚህ የሚበልጥ አንድ ዋና ፋይል ብዙ ጊዜ ይይዛሉ። ሩፈስ ፍላሹን በኤንቲኤፍኤስ አዘጋጅቶ አንድ ትንሽ ረዳት ክፍል በመጨመር ይህን ያልፈዋል፤ በእጁ ኮፒ የሚያደርግ ሰው ግን ዋናው ፋይል ሳይገባ ቀርቶ የጎደለ ፍላሽ ይዞ ይቀራል። ሁለተኛው ወጥመድ በ2013 አካባቢ በወጡ የኢንቴል አተም ትንንሽ ላፕቶፖችና ታብሌቶች ላይ የሚገጥም ነው፦ ፕሮሰሰሩ 64 ቢት ሆኖ ፈርምዌሩ 32 ቢት ስለሆነ የሚፈልገው ፋይል ስሙ ቡትአይኤ32 ነው፤ ብዙ የሊኑክስ አይኤስኦዎች ደግሞ ይህን ፋይል አይዙም። በእንዲህ ያለ ማሽን ላይ ፍላሹን አሥር ጊዜ እንደገና መጻፍ ምንም አይለውጥም።

አሁን እጅግ ወደሚያሳስበኝ ነገር ልግባ። ፍላሹ በዩኢኤፍአይ ተነሥቶ የዊንዶውስ መጫኛ ሲከፈት፣ የውስጥ ዲስኩ በቀድሞው ኤምቢአር የተዘጋጀ ከሆነ፣ መጫኛው «በዚህ ዲስክ ላይ ዊንዶውስ ሊጫን አይችልም» ይላል። በዚህ ጊዜ በብዙ ቦታ የሚሰጠው ምክር ፓርቲሽኖቹን ሁሉ ደምስሱ የሚል ነው። መልእክቱ የሚጠፋው የሰውየው ዳታ አብሮ ጠፍቶ ነው። ሌላ መንገድ ግን አለ፤ ላፕቶፑ ከፈቀደ ፍላሹን ቀድሞ ሲስተሙ ይነሣ በነበረበት በዚያው ሥርዓት ማስነሣት ይቻላል፤ አለዚያም ከ2017 ጀምሮ ከዊንዶውስ 10 ጋር የሚመጣው ኤምቢአር2ጂፒቲ የተባለው መሣሪያ፣ ዲስኩ ላይ ከሦስት ያልበለጡ ዋና ፓርቲሽኖች ካሉና ሌሎች ቅድመ ሁኔታዎቹ ከተሟሉ፣ ፋይሎቹን ሳይደመስስ አቀማመጡን ይለውጣል። ከዚያ በፊት ግን በሊኑክስ ፍላሽ ተነሥቶ ዳታውን ወደ ሌላ ዲስክ ማውጣት የግድ ነው።

ላፕቶፑ ፍላሹን አይቶ፣ አስነሺውንም አግኝቶ፣ «ሴኪዩር ቡት» በሚል ቃል የታጀበ ክልከላ ካወጣ፣ ፍላሹ አልተበላሸም። ከዊንዶውስ 8 ጋር በ2012 የተስፋፋው ይህ ሥርዓት ፈርምዌሩ በሚያምናቸው ቁልፎች ያልተፈረመ አስነሺ እንዳይሠራ ይከለክላል። እንደ ኡቡንቱና ፌዶራ ያሉ ታላላቅ የሊኑክስ ዓይነቶች ማይክሮሶፍት የፈረመበት ሺም የተባለ ትንሽ አስነሺ ስላላቸው ያልፋሉ፤ ያልተፈረሙት ይቀራሉ። ፊርማውም ቢሆን ለዘላለም አይጸናም። በነሐሴ 2024 የወጣ የዊንዶውስ ማሻሻያ የደኅንነት ቀዳዳ ያለባቸውን የቆዩ ሺሞች ስለከለከለ፣ ዊንዶውስና ሊኑክስ ጎን ለጎን በተጫኑባቸው ኮምፒውተሮች ላይ እስከዚያ ቀን ሲሠሩ የነበሩ የሊኑክስ ሲስተሞችና ፍላሾች በድንገት ተከለከሉ። በመሳቢያ ውስጥ የቆየ ፍላሽ ትናንት ሠርቶ ዛሬ እንቢ ካለ፣ የመጀመሪያው መፍትሔ አዲሱን የአይኤስኦ እትም አውርዶ እንደገና መጻፍ ነው።

ሴኪዩር ቡትን ማጥፋት ብዙዎች የሚቸኩሉበት መፍትሔ ነው፤ ከመቸኮላችን በፊት ግን ዲስክን የሚያመሰጥረውን የዊንዶውስ ክፍል፣ ቢትሎከርን፣ እናስብ። ቢትሎከር የዲስኩን መክፈቻ ከቲፒኤሙ ጋር ያስራል፤ ቲፒኤሙ ደግሞ የሴኪዩር ቡት ሁኔታ መለወጡን ሲያይ መክፈቻውን አይሰጥም፤ ላፕቶፑም 48 አኃዝ ያለውን የማስመለሻ ቁልፍ ይጠይቃል። የውስጥ ዲስኩ መመስጠሩን ባለቤቱ ላያውቅ ይችላል፤ በተለይ የዊንዶውስ 11 እትም 24ኤች2 እንደ አዲስ በማይክሮሶፍት አካውንት የተጫነበት ላፕቶፕ በአብዛኛው ሳይጠይቅ ያመሰጥራል። ስለዚህ ባዮስ ውስጥ ከመግባታችን በፊት ዊንዶውሱ እየሠራ ሳለ የማስመለሻ ቁልፉን ከባለቤቱ የማይክሮሶፍት አካውንት ላይ እናግኝ፣ ላፕቶፑ የመሥሪያ ቤት ከሆነም ከመሥሪያ ቤቱ የአይቲ ክፍል እንጠይቅ፤ በወረቀት ላይ እንጻፈው፤ ከዚያ ቢትሎከርን ለጊዜው እናቁመው። ቁልፉ ከጠፋ ዳታውን የሚመልስ ጥበብ የለም፤ የጥገና ባለሙያም ሆነ ማይክሮሶፍት ሊያወጣው አይችልም።

የአፕል ላፕቶፖች የራሳቸው ሕግ አላቸው። ከ2018 እስከ 2020 በወጡት ቲ2 ቺፕ ያላቸው ማኮች ላይ ከውጭ ዲስክ መነሣት በመነሻው የተከለከለ ስለሆነ፣ በማገገሚያ ገጹ ውስጥ ባለው የደኅንነት መቆጣጠሪያ መፈቀድ አለበት። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ የመጡት የአፕል ፕሮሰሰር ያላቸው ማኮች ደግሞ ከውጭ ዲስክ ሲነሡም የውስጥ ማከማቻቸው ጤነኛ መሆን አለበት፤ የውስጡ ከተበላሸ የውጪው ብቻውን አያስነሣቸውም።

መነሣት ጀምሮ መንገድ ላይ የቀረውን በተመለከተ፣ ፈርምዌሩ ሥራውን ስላስረከበ ባዮስን መውቀስ እናቁም። አይኤስኦው በሚቆራረጥ ኢንተርኔት የወረደ ወይም ከሰው ወደ ሰው በፍላሽ የተላለፈ ከሆነ፣ አውጪዎቹ በድረ ገጻቸው ካስቀመጡት 64 አኃዝና ፊደል ያለው የኤስኤችኤ 256 ማረጋገጫ ጋር እናመሳክረው፤ አንድ ፊደል እንኳ ከተለየ ፋይሉ ትክክለኛው አይደለም። ቀጥሎ ፍላሹን እንጠርጥር፦ ውስጡ ያለው ማከማቻ 8 ጊጋባይት ብቻ ሆኖ ለኮምፒውተሩ 64 ጊጋባይት ነኝ እንዲል ተደርጎ የሚሸጥ አስመሳይ ፍላሽ በገበያ ላይ አለ፤ መነሻው ላይ ያለው ስለሚነበብ ቡት ማድረግ ይጀምራል፣ ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ይቆማል። ኤፍ3 ወይም ኤች2ቴስትደብሊው በሚባሉት ፕሮግራሞች ሙሉ በሙሉ ጽፎ መልሶ በማንበብ ይጋለጣል። የሊኑክስ ምርጫ ገጹ ታይቶ ስክሪኑ ከጠቆረ ደግሞ ግራፊክሱ ነውና «ኖሞድሴት» የሚለውን ቃል በመነሻ ትእዛዙ ላይ መጨመር ብዙ ጊዜ ያሻግራል።

በኤክስተርናል ዲስክ ላይ ሙሉ ሲስተም ጭነው ከላፕቶፕ ወደ ላፕቶፕ ይዘው ለመዞር የሚፈልጉ ሰዎች የሚገጥማቸው ጥፋት ከሁሉም ይልቅ ግራ ያጋባል። ዲስኩ በተጫነበት ላፕቶፕ ላይ በደንብ ይነሣል፤ ሌላ ላይ ሲሰካ ግን እንደሌለ ይሆናል። ምክንያቱም የኡቡንቱን ጨምሮ አንዳንድ መጫኛዎች አስነሺውን በውጪው ዲስክ ላይ ሳይሆን በመጀመሪያ ባገኙት የኢኤፍአይ ፓርቲሽን፣ ማለትም በላፕቶፑ የውስጥ ዲስክ ላይ፣ ሲጽፉት ቆይተዋል፤ አድራሻውንም የሚመዘግቡት በዚያው ላፕቶፕ ማዘርቦርድ ማኅደር ውስጥ ነው። ሌላው ላፕቶፕ ያ መዝገብ ስለሌለው የሚያውቀው መንገድ ቀደም ብዬ የጠቀስኩት የቡትኤክስ64 ፋይል ብቻ ነው። መፍትሔው በውጪው ዲስክ ላይ የራሱን የኢኤፍአይ ፓርቲሽን አዘጋጅቶ፣ ግረብ የተባለውን አስነሺ «ሪሙቨብል» በሚለው አማራጭ እንደገና እዚያ ላይ መጫን ነው። ከሌላ ኮምፒውተር የተነቀለ የዊንዶውስ ዲስክን በዩኤስቢ ማቀፊያ ከትቶ ለማስነሣት የሚሞክር ግን 7ቢ በሚል ቁጥር የሚያልቅ ሰማያዊ ስክሪን ቢያይ አይደነቅ፤ መደበኛ ዊንዶውስ ከዩኤስቢ እንዲነሣ አልተዘጋጀም፤ ለዚህ ተብሎ የተሠራው ዊንዶውስ ቱ ጎም በ2020 እትም ተወግዷል።

ሁሉም ነገር ተሳክቶ መጫኛው ከተነሣ በኋላ የውስጥ ዲስኩ የማይታይበት ጊዜ አለ። ከ11ኛው ትውልድ ጀምሮ ባሉ ብዙ የኢንቴል ላፕቶፖች ላይ ዲስኩ ቪኤምዲ ከሚባል መቆጣጠሪያ ጀርባ ስለሚቀመጥ ነው፤ ዲስኩ ሞቷል ብላችሁ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት የኢንቴልን አርኤስቲ ድራይቨር በፍላሹ ላይ አድርጋችሁ በመጫኛው ውስጥ አስነብቡት። ቪኤምዲውን ባዮስ ውስጥ ማጥፋትም ይሠራል፤ ነገር ግን ቀድሞ የነበረው ዊንዶውስ ከዚያ በኋላ አልነሣ ሊል ስለሚችል፣ ይህ የሚደረገው የቀድሞው ሲስተም ሳይፈለግ ሲቀር ነው።

የመጨረሻው እንቅፋት በሴቲንግም በፍላሽም አይፈታም። ከድርጅቶች ወጥተው እንደገና የሚሸጡ ያገለገሉ ላፕቶፖች አንዳንድ ጊዜ የባዮሳቸው የይለፍ ቃል ሳይነሣላቸው ይመጣሉ፤ ከውጭ ዲስክ መነሣት ተዘግቶባቸው ከሆነ ቃሉን የማያውቅ ሰው ሊከፍተው አይችልም። በድሮ ኮምፒውተሮች ላይ 3 ቮልት የሆነችውን የማዘርቦርድ ባትሪ አውጥቶ መመለስ ይበቃ ነበር፤ እንደ ቲንክፓድ ባሉ የሥራ ላፕቶፖች ላይ ግን ቃሉ ባትሪ በማውጣት በማይጠፋ ቺፕ ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ ዘዴው ሰዓቱንና ቀኑን ከማዛባት በቀር የሚፈይደው የለም። ስለዚህ ያገለገለ ላፕቶፕ ስትገዙ የሚነሣ ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ ወደ ባዮስ ገብታችሁ የይለፍ ቃል መጠየቅ አለመጠየቁን እዩ፤ ከፍላሹም አስነሡትና የውስጥ ዲስኩ መታየቱን አረጋግጡ።